የቺፕ ዓለም ጣርማ በሮች

በደብረ ብርሃን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ የጭነት መኪና ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን ከወጣ በኋላ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ማለፍ እንዳለበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጉም በወረደበት ወይም አንድ ተሳቢ ዋሻው አፍ ላይ በተበላሸበት ቀን ከኮምቦልቻ የመጣው ብረትም፣ ከሸዋ ሮቢት የተጫነው ሽንኩርትና ማሾም፣ ሕመምተኛ የያዘው አምቡላንስም በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። መንገዱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢሆንም የዚያን ቀን ዕጣው የሚወሰነው በዚያች ጠባብ በር ነው። ዛሬ ስለ ቺፕ ኢንዱስትሪ፣ ማለትም በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዑደቶች ስለሚሠራው ኢንዱስትሪ፣ ስናገር ይህን ስፍራ በልባችሁ እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ፤ እንደዚህ ኢንዱስትሪ ብዙ ጣርማ በር ያለው ሌላ አላውቅምና።

ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ ከተማሪዎቼም ከጎልማሶችም ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። «ቺፕ የሚሠራው ከአሸዋ ነው ይባላል፤ አሸዋ ደግሞ በየወንዛችን ዳር ሞልቷል፤ ታዲያ እኛ ለምን አንሠራም?» ይሉኛል። ጥያቄው ከቅን ልብና ከአገር ፍቅር የመጣ ስለሆነ ተገቢ መልስ ሊሰጠው ይገባል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

እርግጥ ነው፣ የአብዛኛው ቺፕ መሠረት ሲሊከን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሲሊከንም ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በትምህርት መጽሐፎቻችን ከፊል አስተላላፊ የሚባለው ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ ስለማይከለክል ነው፤ ጥቂት የቦሮን ወይም የፎስፈረስ አተሞች ሲገቡበት ደግሞ መቼ እንደሚያሳልፍና መቼ እንደሚከለክል ልናዝዘው እንችላለን። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ለግንባታ የምንጭነው የወንዝ አሸዋ አይደለም፤ የተመረጠ የኳርትዝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲቀልጥ 98 ወይም 99 በመቶ ንጹሕ የሆነ ሲሊከን ይወጣዋል። ይህ ለአሉሚኒየም ቅይጥ የሚበቃ ቢሆንም ለቺፕ ገና ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ሲሊከኑ ከክሎሪንና ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ፈሳሽ እንዲሆን ይደረግና፣ የከተማችን እናቶች አረቄ በሚያወጡበት በዚያው መርሕ፣ ማለትም በማትነንና መልሶ በማቀዝቀዝ፣ ተደጋግሞ ይጣራል። በመጨረሻ የሚገኘው ሲሊከን ቢያንስ 99.9999999 በመቶ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ከአንድ ቢሊዮን አተም ውስጥ ባዕድ ሊሆን የሚፈቀድለት አንድ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። ተማሪዎች፣ ይህን በጤፍ አስሉት። አንዲት የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ አንድ ቢሊዮን ፍሬ 300 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ይሆናል። በሦስት ኩንታል ጤፍ ውስጥ ከአንዲት ባዕድ ፍሬ በላይ መገኘት የለበትም። ለአሸዋው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ዋጋው ያለው በማጥራቱ ጥበብ ላይ እንጂ በአሸዋው ላይ አይደለም።

የመጀመሪያውንም ጠባብ በር የምናገኘው እዚሁ ነው። የጠራው ሲሊከን ቀልጦ፣ ትንሽ የክሪስታል ዘር ተነክሮበት፣ እየተሽከረከረ በዝግታ ወደ ላይ ሲሳብ አንድ ወጥ ክሪስታል ይሆናል። ዘዴውን ያገኘው ፖላንዳዊው ያን ቾክራልስኪ ሲሆን ጊዜውም 1916 ነበር። ቅልጡን የሚይዘው ገንቦ ራሱ ቆሻሻ ከለቀቀበት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ገንቦውም የሚሠራው እጅግ ንጹሕ ከሆነ ኳርትዝ ነው፤ የዚህ ኳርትዝ ትልቁ ምንጭ ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የምትገኘው ስፕሩስ ፓይን የተባለች፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው ማዕበል ያችን ከተማ በጎርፍ ሲመታት ማዕድን ማውጫዎቹ ሥራ አቆሙ፤ ከእስያ እስከ አውሮፓ ያሉ ፋብሪካዎችም በስጋት ተመለከቷት። ደግነቱ ሥራው ብዙም ሳይቆይ ቀጠለ።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ትራንዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ በታኅሣሥ 1947 በቤል ቤተ ሙከራ በባርዲን፣ በብራተንና በሾክሌይ ተሠራ። ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ቁራጭ ላይ የማዋሐዱን ሐሳብ ጃክ ኪልቢ በ1958 በተግባር አሳየ፤ ሮበርት ኖይስም በቀጣዩ ዓመት ለፋብሪካ ምርት በሚመች መልክ አቀረበው። እኔ ግን ተማሪዎቼ እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ሌላ ስም አለ። ዛሬ በአብዛኛው ቺፕ ውስጥ የምናገኘውን የትራንዚስተር ዓይነት በ1959 በቤል ቤተ ሙከራ ከኮሪያዊው ዳዎን ካንግ ጋር የፈለሰፈው መሐመድ አታላ፣ በፖርት ሰይድ ተወልዶ በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ግብፃዊ ነው። ትልቁ ሥራው የሲሊከንን ገጽ በራሱ ኦክሳይድ ሸፍኖ ማረጋጋት ነበር። በአባይ ዳር ተወልዶ ያደገ ዕውቀት በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይሠራል ማለት ነው፤ ይህን ስናገር ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ለማመን ይከብዳል። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ገደማ ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ በ2022 ኤንቪዲያ ያስተዋወቀው ኤች100 ደግሞ 80 ቢሊዮን ይዟል። ጎርደን ሙር በ1965 የተነበየው፣ በ1975ም «በየሁለት ዓመቱ እጥፍ» ብሎ ያስተካከለው ግምት ነው የሙር ሕግ የሚባለው። ሕግ ይባል እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ቀጠሮ አድርገው የያዙት፣ ለሃምሳ ዓመታትም ያልሰበሩት ቃል ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። አንድ ዘመናዊ ቺፕ ከባዶው የሲሊከን ገበታ፣ ማለትም ከክሪስታሉ ከተቆረጠው ስስ ዝርግ፣ ተነሥቶ እስኪጠናቀቅ ከሺህ በላይ ደረጃዎችን ያልፋል፤ ጊዜውም ሦስት ወር ገደማ ነው። በመንዝ ባና ሲሠራ የበጉ ጠጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፤ ክሩ ቢበጠስ ሸማኔው በዓይኑ አይቶ ይቋጥረዋል። በቺፕ ግን በሃያኛው ደረጃ የገባች ብናኝ ጥፋቷ የሚታወቀው ምናልባት ከወራት በኋላ በፍተሻ ጊዜ ነው። አሁንም አስሉልኝ፤ ሺህ ደረጃ ቢኖርና እያንዳንዱ ደረጃ 99.9 በመቶ ቢሳካ መጨረሻ ላይ ደኅና የሚወጣው ስንት ነው? 0.999ን ሺህ ጊዜ በራሱ ስናባዛ 37 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ከመቶው 63ቱ ተጣለ ማለት ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ወደ 99.99 በመቶ ከፍ ብናደርገው ግን ውጤቱ 90 በመቶ ይሆናል። በየደረጃው ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ ያነሰ መሻሻል በከሳሪና በአትራፊ መካከል ያለ ልዩነት ሆነ። ይህ መሻሻል ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚገዛ አይደለም፤ አንድን ሥራ ለዓመታት ደጋግሞ በመሥራት፣ ስህተትን በመመዝገብና ትናንት የተበላሸውን ለነገ በማስተማር የሚጠራቀም ነው። በእኔ እምነት ይህ ኢንዱስትሪ በጥቂት አገሮችና በጥቂት ድርጅቶች እጅ የገባበት ዋናው ምክንያት ይህ ስሌት ነው።

ከበሮቹ ሁሉ ጠባቧ በኔዘርላንድስ ፌልድሆፈን ከተማ የሚገኘው ኤኤስኤምኤል የተባለው ድርጅት ነው። በቺፕ ላይ ያሉት ጥቃቅን መስመሮች የሚታተሙት በብርሃን ነው፤ መስመሩ እንዲቀጥን የብርሃኑ ሞገድ ማጠር አለበት። እጅግ ለላቁት ቺፖች የሚያገለግለው ብርሃን 13.5 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሞገድ ርዝመት አለው፤ በዓለም ላይ ይህን ብርሃን የሚያትም መሣሪያ ለገበያ የሚያቀርበው ያ አንድ ድርጅት ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚገኘው የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሰከንድ 50,000 ጊዜ በኃይለኛ ሌዘር እየመቱ ከፀሐይ ገጽ በብዙ እጥፍ ወደሚሞቅ ፕላዝማ በመለወጥ ነው። አየርም ብርጭቆም ስለሚውጡት ሥራው የሚከናወነው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ በምስሪት ፋንታ የጀርመኑ ዛይስ የሚሠራቸው መስታወቶች ያንጸባርቁታል። ከእነዚህ መስታወቶች አንዱን ጀርመንን በሚያህል ስፋት ብንዘረጋው በላዩ ላይ ያለው ጉብታ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆን ነበር። መሣሪያው ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ምርምር ጠይቋል፤ የአንዱ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን የቅርቡ ትውልድ ደግሞ ከ350 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ከተማችን ደብረ ብርሃን የተባለችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ በታየ ብርሃን ነው፤ የብርሃን ነገር ሲነሣ የዚህች ከተማ ልጆች ጆሯቸውን ቢያዘነብሉ ተገቢ ይመስለኛል።

መሣሪያዎቹን ከገዙት መካከል የሚቀድመው በ1987 በሞሪስ ቻንግ የተመሠረተው የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ነው። እጅግ የላቁት ቺፖች አብዛኛዎቹ በአንዲት ደሴት ላይ ይመረታሉ፤ ያችም ደሴት የምድር መንቀጥቀጥ የሚደጋገምባት ናት። በሚያዝያ 3 ቀን 2024 በተከሰተው ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሠራተኞች ከፋብሪካዎቹ እንዲወጡ ተደርጓል። ለእኛ ለገበሬ ልጆች ግን ይበልጥ የሚነግረን የ2021ዱ ድርቅ ይመስለኛል። ገበታዎቹ በየደረጃው በእጅግ ንጹሕ ውኃ ስለሚታጠቡ ፋብሪካዎቹ ውኃ በብዛት ይፈልጋሉ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ እጅግ የከፋ በተባለው በዚያ ድርቅ ፋብሪካዎቹ ውኃ በቦቴ ሲያስመጡ፣ መንግሥት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የሩዝ መሬት መስኖ አቋርጦ ለገበሬዎቹ ካሣ ከፈለ። ኢንዱስትሪ ሲመጣ ውኃው ለማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ በበሬሳ ወንዝ ዳር ለምንኖር ሰዎች ባዕድ አይደለም።

ሁለተኛው የአካባቢ ፈተና መብራት ነው። በሰኔ 2019 በጃፓን ዮካይቺ በሚገኝ የማስታወሻ ቺፕ ፋብሪካ መብራት ለ13 ደቂቃ ብቻ ጠፋ። በሂደት ላይ የነበሩት ገበታዎች ተበላሹ፤ ከፋብሪካው ባለቤቶች አንዱ ብቻ 6 ቢሊዮን ጊጋባይት የሚሆን ማስታወሻ አጣ፤ ሥራው ወደ ነበረበት ለመመለስም ሳምንታት ፈጀ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ «ተመስገን» ብለን ሥራችንን የምንቀጥል ሰዎች፣ ቺፕ ለማምረት ስናስብ ከሁሉ በፊት ይህችን 13 ደቂቃ ማሰብ አለብን።

እነዚህ ሁሉ በሮች በአንድ ዘመን ሲጠቡ ምን እንደሚሆን ከ2020 እስከ 2022 ዓለም አየው። በወረርሽኙ መጀመሪያ የመኪና አምራቾች ገበያ ይቀዘቅዛል ብለው ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ ኮምፒውተር ሸመተ፤ መኪና ፈላጊው ሲመለስ ፋብሪካዎቹ ተይዘው ነበር። በየካቲት 2021 የቴክሳስ ብርድ፣ በመጋቢት ደግሞ በጃፓን የሬኔሳስ ፋብሪካ ቃጠሎ ተጨመረበት። በ2022 ዩክሬን ስትወረር ለሕትመቱ ሌዘር የሚያስፈልገው የኒዮን ጋዝ ትልቅ ድርሻ ከዚያች አገር ይመጣ እንደነበረ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። በዚያ ወቅት ለተማሪዎቼ መለማመጃ ያዘዝኳቸው ጥቃቅን የመቆጣጠሪያ ቺፖች ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይተው፣ ዋጋቸውም በብዙ እጥፍ ንሮ ነበር የደረሱኝ፤ አንድ የተማሪ ትውልድ ቺፑን በሥዕል ብቻ አይቶ ተመረቀ። ያ ቁጭት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከዚህ እጥረት የተማርኩት አንድ ነገር አለ። መኪኖቹን ያቆማቸው እጅግ የላቀው ቺፕ አልነበረም፤ በአሮጌ ቴክኖሎጂ የሚሠራ፣ የመስኮትን ሞተር ወይም የባትሪን ኃይል የሚቆጣጠር ርካሽ ቺፕ ነበር። በ2025 መገባደጃም ይኸው ተደገመ፤ የኔዘርላንድስ መንግሥት በቻይና ባለቤትነት ሥር ያለውን ቺፕ አምራች ኔክስፔሪያን በቁጥጥሩ ሥር ሲያውል ቻይና ምርቱ ከአገሯ እንዳይወጣ አገደች፤ በጀርመን ሐምቡርግ ተመርተው በቻይና ዶንግዋን የሚታሸጉ፣ በሳንቲም የሚሸጡ ቁርጥራጮች ሲጠፉ የአውሮፓ መኪና አምራቾች ተጨነቁ። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትወስን ይህንንም ዕዳ አብራ ተቀብላለች፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጅ መኪና የበለጠ ቺፕ ይይዛልና።

መንግሥታትም በሮቹን እንደ ምሽግ መቁጠር ከጀመሩ ቆይተዋል። አሜሪካ በነሐሴ 2022 ለኢንዱስትሪው 52.7 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ የላቁ ቺፖችና ማምረቻ መሣሪያዎች ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ከለከለች። ቻይና በ2023 በጋሊየምና በጀርማኒየም ሽያጭ ላይ ፈቃድ በመጣል መለሰች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴም ሁዋዌ በአገር ውስጥ በተመረተ የ7 ናኖ ሜትር ቺፕ የሚሠራ ስልክ አወጣ። ቲኤስኤምሲ በአሪዞና ሊያፈሰው ያቀደው መዋዕለ ንዋይ በ2025 ወደ 165 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። ገንዘቡ ሕንጻውን ያቆማል፤ ቀደም ብዬ ያሰላሁትን 99.99 ግን ገንዘብ ብቻውን አያመጣውም።

«3 ናኖ ሜትር» ስለሚባለው አንድ ነገር ላርም። ዛሬ ይህ የትውልድ ስም እንጂ ልኬት አይደለም፤ በዚያ ቺፕ ላይ ከአንድ ትራንዚስተር ወደ ጎረቤቱ ያለው ርቀት በአሥሮች የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው። ማሳነሱ ራሱ እየከበደ መጥቷል። ከ2005 ገደማ ጀምሮ የትራንዚስተሩ መጠን ሲቀንስ የሚፈልገው ቮልቴጅ አብሮ መቀነሱን ስላቆመ ሙቀቱ መሐንዲሶችን አስቸገረ፤ የማስሊያ ፍጥነትም በ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ለረጅም ዘመን ተገታ። ከዚያ ወዲህ የመጣው እድገት በቅርጽ ነው፤ ትራንዚስተሩ በ2011 እንደ ክንፍ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በ2022 ደግሞ መቆጣጠሪያው በአራቱም ጎን ከበበው። ትንንሽ ቺፖችን አጠገብ ለአጠገብና አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ ማሸግም ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈልገውን ስሌት የሚያቀርቡት እንዲህ የታሸጉ ቺፖች ናቸው፤ የሚውጡት ኤሌክትሪክም ብዙ ነው።

ታዲያ እኛስ? በጉጂ ቀንጢቻ ታንታለም አለን። ይህ ማዕድን በስልክ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ካፓሲተሮችና በቺፕ ውስጥ የመዳብ ሽቦዎችን በሚከልለው ስስ ንጣፍ ላይ ያገለግላል። ማዕድኑን እንደ ወረደ ሸጠን በስልክ መልክ መግዛታችን ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ማዕድን መኖሩ ብቻውን ወደ ቺፕ እንደማያደርስ ከላይ አይተናል። 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ፋብሪካ ማለምም ለዛሬው ትውልድ የሚበጅ አይመስለኝም። ታይዋን በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ድርጅት በዚያን ዘመንም አሮጌ የሆነ ቴክኖሎጂ ገዝታ ወጣት መሐንዲሶቿን ለሥልጠና ላከች፤ ቲኤስኤምሲ የተመሠረተው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የማሌዥያዋ ፔናንግ በ1972 የጀመረችው ቺፕ በማሸግና በመፈተሽ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያም በኔሪ ባለው የዴዳን ኪማቲ ዩኒቨርሲቲ አንድ አነስተኛ የከፊል አስተላላፊ (ሰሚኮንዳክተር) ማምረቻ ተቋቁሟል።

እኔ የምመርጠው በር ዲዛይን ነው። ኤንቪዲያ ከተመሠረተበት ከ1993 ጀምሮ ቺፖቹን ይነድፋል እንጂ የራሱ ማምረቻ ፋብሪካ የለውም። ሪስክ-ቪ የተባለው፣ በ2010 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የፕሮሰሰር ትእዛዝ ቋንቋ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። በ2020 ጎግልና ቺፕ አምራቹ ስካይዎተር የ130 ናኖ ሜትር ማምረቻን ሙሉ የንድፍ ደንብ ለሕዝብ ክፍት አደረጉ፤ ንድፉን የሚሠሩትና የሚፈትሹት ሶፍትዌሮችም በነጻ ይገኛሉ። 130 ናኖ ሜትር አሮጌ ነው፤ ነገር ግን የመስኖ ፓምፕ የሚቆጣጠር ወይም የእህል ጎተራን እርጥበት የሚለካ ቺፕ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። እጅ ደግሞ አለን። በከተማችን በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በማጉያ መነጽር ሥር አይሲ የሚሉትን ቺፕ ከስልክ ቦርድ ላይ አንሥተው፣ ሥሩ ያሉትን የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ አጽድተው መልሰው የሚተክሉ ወጣቶችን አውቃለሁ፤ የዚያ እጅ ባለቤት የቺፑን ውስጥ እንዲያነብ የሚያስተምረው ሰው አላገኘም እንጂ ትዕግሥቱና ንጽሕናው አላነሰውም። ስለዚህ የጥገና ባለሙያዎቹ ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ፤ ዛሬ እዚህ ያላችሁት ለሌሎቹም ንገሩልኝ።

አብረን ለምንጀምረው የቺፕ ንድፍ ልምምድ ሶፍትዌሩ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ተዘጋጅቷል፤ ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። የመጀመሪያው መልመጃ ሁለት ባለ አራት ቢት ቁጥሮችን የሚደምር ዑደት ነው፤ መጀመሪያ በወረቀት ላይ በእርሳስ እንሠራዋለን፣ ከዚያ በኮምፒውተሩ እንጽፈዋለን፣ በመጨረሻም በ130 ናኖ ሜትር ገበታ ላይ ስንት ትራንዚስተር እንደሚይዝና ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ ራሳችን እንለካለን። የምንጀምረው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እርሳስና ባለ ካሬ ደብተር ይዛችሁ ኑ።